ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና የመረጃ አገልግሎት፦ ባለጉዳዩ ምን ይጠይቃል? ከየትስ ያገኛል?

የመንግሥት አገልግሎት ፈልጎ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚንገላታው ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ጉዳዩን የሚገዛው ሕግ የትኛው እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ማስረጃ ማቅረብ እንዳለበት፣ የቀድሞ ሰነዱስ በየትኛው መሥሪያ ቤት እጅ እንደሚገኝ አስቀድሞ የሚነግረው በማጣቱ ነው። አንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይልከዋል፤ ሌላው «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ባለጉዳዩ ከገጠር የመጣ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ «ነገ» የአልጋ ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ ነው።

ይህን እንግልት ለማቃለል የሚያስችሉ ሦስት የአገልግሎት በሮች አሉ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና የየመሥሪያ ቤቱ የመረጃ አቅርቦት ሥራ። ሆኖም ቤተ መጻሕፍት ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኑበት ጸጥ ያለ አዳራሽ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት አገልግሎቱን ከማንም በላይ የሚፈልገው ባለጉዳይ ደጃፉን ሳይረግጥ ይቀራል። የሚከተለው ማብራሪያ የተዘጋጀው ዜጎች የትኛውን በር መቼ ማንኳኳት እንዳለባቸው ለይተው እንዲያውቁ፣ እንዲሁም በአገልግሎቱ ላይ የሚታዩትን ጉድለቶች ተረድተው መብታቸውን እንዲጠይቁ ነው።

ሦስቱን በሮች መለየት

ቤተ መጻሕፍት የሚይዘው የታተመውንና ለሕዝብ የተሠራጨውን ነው፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ ነጋሪት ጋዜጣ፣ የጥናት ዘገባ። ቤተ መዛግብት የሚይዘው ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን ሲያከናውኑ ያመነጯቸውን፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ ማገልገላቸው ያበቃ ነገር ግን ዘላቂ ጠቀሜታ ያላቸውን ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ መዝገቦችና ካርታዎች ነው። ገና በሥራ ላይ ያለ ሰነድ ግን ከሁለቱም አይገኝም፤ የሚገኘው ሰነዱን ባመነጨው መሥሪያ ቤት የሪከርድና ማኅደር ክፍል፣ በተለምዶ መዝገብ ቤት በሚባለው ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሲሠራ የቆየ፣ ድርጅቱ ፈርሶ ወይም ወደ ግል ተዛውሮ የጡረታ ዕድሜው የደረሰ ሠራተኛን ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። ይህ ሰው የአገልግሎት ዘመኑን የሚያረጋግጥለት የግል ማኅደሩ ነው። ማኅደሩ ደግሞ እንደሁኔታው የፈረሰውን ድርጅት ሀብትና ሰነድ በተረከበው አካል፣ ድርጅቱን ይቆጣጠር በነበረው መሥሪያ ቤት፣ ወይም ሰነዱ ተላልፎ ከሆነ በቤተ መዛግብት ሊገኝ ይችላል። ፍለጋው መጀመር ያለበት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ከመሄዱ በፊትም በጊዜው ይጠቀምበት የነበረውን ሙሉ ስም፣ የተቀጠረበትንና የለቀቀበትን ዓመት፣ የሠራበትን ክፍል፣ ካለም የመታወቂያ ወይም የደመወዝ መክፈያ ቁጥሩን ጽፎ መያዝ ይኖርበታል። የመዝገብ ሠራተኛ በስም ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ተመሳሳይ ስም ካላቸው መካከል የቱ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል፤ በዓመትና በክፍል ተለይቶ ሲቀርብለት ግን የሚያገላብጠው መደርደሪያ ይጠብለታል።

በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሥራዎች አጣምሮ የያዘው ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ተቋም ነው። ተቋሙ በ1936 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍትነት ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተደራጅቷል። በአገር ውስጥ የሚታተሙ ጽሑፎች ቅጂ ወደዚህ ተቋም ገቢ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ከገበያ ቢጠፋም፣ አሳታሚው ቢዘጋም፣ ገቢ የተደረገው ቅጂ በዚያ ይጠበቃል ማለት ነው። ተቋሙ ከሚጠብቃቸው የብራና መጻሕፍትና ታሪካዊ ደብዳቤዎች መካከል 12ቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም የሰነድ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

መጽሐፋቸውን በራሳቸው ወጪ ለሚያሳትሙ ደራስያን ደግሞ ከዚሁ ተቋም የሚገኝ ሌላ ጠቃሚ አገልግሎት አለ፤ ዓለም አቀፍ መደበኛ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር መስጠት። በመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ላይ ከ978 ቀጥሎ 99944 የሚል ቁጥር ሲታይ መለያው ለኢትዮጵያ የተመደበ መሆኑን ያመለክታል። ቁጥሩ የሌለው መጽሐፍ በውጭ አገር ላሉ መጻሕፍት ሻጮችና ቤተ መጻሕፍት መዝግቦ መያዝና ማዘዝ አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ደራስያን ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ቢጠይቁ ይመረጣል። ሽፋኑ ከታተመ በኋላ የሚመጣ ቁጥር በተለጣፊ ወረቀት ከመጨመር በስተቀር አማራጭ የለውም።

ሕጉን ማግኘት፦ የቁጥርና የዓመት ነገር

ወደ ቤተ መጻሕፍት ከሚመጡ ጥያቄዎች መካከል ለባለጉዳዩ ውጤት ትልቅ ትርጉም ያለው የሕግ ጽሑፍ ፍለጋ ነው። አሠሪው ያለአግባብ ያሰናበተው ሠራተኛ፣ በውርስ የተጣላ ቤተሰብ፣ የካሣ ግምት ያልተዋጠለት ባለይዞታ፣ ሁሉም ከጠበቃ ወይም ከራፖር ጸሐፊ ከሚሰሙት ባሻገር ሕጉን በራሳቸው ዓይን ማየት ይችላሉ። ሕግ ለሕዝብ የሚታወጀው በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣውም የሚስጥር ሰነድ ሳይሆን ማንም ሊገዛውና ሊያነበው የሚችል ኅትመት ነው።

ይሁንና ፍለጋው ብዙ ጊዜ በአንድ ትንሽ ነገር ይሰናከላል፤ በዓመተ ምሕረት። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተም ሲሆን፣ የአማርኛው ዓምድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የእንግሊዝኛው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይጠቅሳል። በዚህም የተነሣ በአማርኛ «አዋጅ ቁጥር 1156/2011» የሚባለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በእንግሊዝኛው ዓምድ 1156/2019 ተብሎ ይገኛል። ሁለቱ የተለያዩ ሕጎች መስለውት ባለጉዳዩ አንዱን ይዞ ሌላውን ሲፈልግ ይውላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የሕጉ መለያ ከመስመሩ በፊት ያለው ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ከተመሳሰለ ሕጉ አንድ ነው። ዓመቱን ለማመሳከር የሚፈልግ ደግሞ ከመስከረም መባቻ ጀምሮ የጎርጎርዮሳውያኑ ታኅሣሥ እስኪያልቅ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይጨምራል።

ይህ የሚሠራው ግን ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ለወጡት የፌዴራል አዋጆች ነው። ከዚያ በፊት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በደርግ ዘመን፣ በሽግግሩም ዘመን ቁጥሩ እንደገና ከ1 እየጀመረ ስለመጣ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ከአንድ በላይ አዋጆች አሉ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን፣ እስከ ዛሬም በፍርድ ቤት የሚነሣውን አዋጅ የሚፈልግ ሰው «አዋጅ ቁጥር 47» ብቻ ቢል አይበቃም፤ «47/1967» ብሎ ዓመቱን መጥራት ያስፈልገዋል። ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያውም የ1967ቱን የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ መጠየቅ አለበት።

ሁለቱ ዓምዶች የተለያየ ትርጉም ሲሰጡ የትኛው ይጸናል የሚለው ጥያቄም ይነሣል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የበላይነት ያለው የአማርኛው ነው። ይህ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጠቃሚ ነው፤ በእንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ብቻ ተመሥርተው ጉዳያቸውን የሚያዘጋጁ ብዙዎች ናቸውና።

ሕጉ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው መጽናቱን ማረጋገጥ ነው። በመደርደሪያ ላይ ያለ አዋጅ ሁሉ በሥራ ላይ ያለ አዋጅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል፤ ለብዙ ዓመታትም ሠራተኛው በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ነበር። ነገር ግን በ1156/2011 ተሽሯል። የቆየውን ይዞ የሚከራከር ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አንባቢው የአዲሱን አዋጅ የመጨረሻ አንቀጾች ቢመለከት ስለተሻሩ ሕጎች የሚናገረውን ክፍል ያገኛል። ባለሙያውንም «ይህ ሕግ ተሻሽሏል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የማጣቀሻ አገልግሎት ማለት ይኸው ነው።

የክልል ሕጎች የሚወጡት በየክልሉ ጋዜጣ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የአማራ ክልል በዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያ ክልል በመገለታ ኦሮሚያ ያወጣሉ። የገጠር መሬት ጉዳይ ያለው ሰው የፌዴራሉን ብቻ አንብቦ መመለስ የለበትም፤ ዝርዝሩ ያለው በክልሉ ሕግ ነው። እነዚህን የክልል ጋዜጦች ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ ወይም ከምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ከአዲስ አበባ ከመፈለግ ይቀላል።

በካታሎግ ውስጥ መፈለግ

«የለም» ከሚለው መልስ መካከል የተወሰነው የሚመጣው መጽሐፉ በእርግጥ ስለሌለ ሳይሆን ፍለጋው በተሳሳተ መንገድ ስለተደረገ ነው። በአማርኛ ፊደል አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአንባቢ ጆሮ ልዩነት ባይኖራቸውም በኮምፒዩተር ዘንድ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሥራ» ብሎ የተመዘገበን ርእስ «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። «ኃይለ» የሚለው ስም ቢያንስ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ቃላትን ማጣበቅና መነጣጠልም እንዲሁ ውጤቱን ይለውጣል፤ «ቤተ መጻሕፍት» እና «ቤተመጻህፍት» ለመሣሪያው ሁለት ቃላት ናቸው። ስለዚህ ፈላጊው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት አጻጻፉን እየለዋወጠ ቢሞክር፣ ወይም በረጅሙ ርእስ ፋንታ አጠራጣሪ ፊደል የሌለውን አንድ ቃል ብቻ ቢጽፍ ይጠቅመዋል።

የኢትዮጵያ ደራስያን የሚመዘገቡት በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም። የሀዲስ ዓለማየሁ መጻሕፍት የሚገኙት በ«ሀ» ሥር ነው። በውጭ አገር ባሉ አንዳንድ መዝገቦች ግን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ስለሚገለበጥ፣ በሁለቱም መፈለግ ያስፈልጋል።

በመደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት በአብዛኛው የተደራጁት በዲዊ የአሥር ክፍል አመዳደብ ነው። በመጽሐፉ ጀርባ ላይ 963 የሚል ቁጥር ካለ የኢትዮጵያን ታሪክ የሚመለከት ነው፤ 340 የሕግ፣ 610 የሕክምና፣ 630 የእርሻ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ካታሎጉ ቢበላሽ እንኳ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው መሄድ ይችላል፤ መደርደሪያው ለአንባቢ ክፍት ከሆነ ማለት ነው።

የተቆለፈ መደርደሪያ

ክፍት ያልሆኑት ግን ጥቂት አይደሉም። በየወረዳውና በየትምህርት ቤቱ መጻሕፍት በመስታወት ቁምሳጥን ተቆልፈው፣ አንባቢው ርእሱን ከውጭ በዓይኑ ብቻ እያነበበ የሚመለስባቸው ቦታዎች አሉ። ይህን የባለሙያ ክፋት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ምክንያቱ ያለው በንብረት አያያዝ ሥርዓቱ ውስጥ ነው። መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በባለሙያው ስም ወጪ ሲደረግ፣ ከወንበርና ከጠረጴዛ እኩል በስሙ የተመዘገበ ቋሚ ንብረት ይሆናል። ሲጠፋ ተጠያቂው እርሱ ነው፤ ሥራ ሲለቅም ርክክብ ካላደረገ መልቀቂያ አያገኝም። ከትንሽ ደመወዙ መጽሐፍ እንዳይተካ የሚሰጋ ሰው የሚወስደው አስተማማኝ እርምጃ ቁልፍ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ መጽሐፉ ይተርፋል፤ አገልግሎቱ ግን የለም።

ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካሳተማቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕግጋት የመጀመሪያው መጻሕፍት የሚኖሩት ለአገልግሎት መሆኑን የሚደነግግ ነበር። ያን ጊዜ በማድራስ የነበረው ችግር ዛሬ በብዙ ታዳጊ አገሮች ካለው እምብዛም አይለይም፤ መጽሐፍን ከአንባቢ መጠበቅ እንደ ሥራ ግዴታ ይቆጠር ነበር። መሥሪያ ቤቶች በአገልግሎት ምክንያት ለሚያረጁና ለሚጠፉ መጻሕፍት ተገቢ መጠን ያለው የጉድለት ጣሪያ ቢወስኑ፣ ቆጠራም በየጊዜው ቢካሄድ፣ ባለሙያው ቁልፉን ለመፍታት ድፍረት ያገኛል። ጊዜ ያለፈባቸውን መጻሕፍት ማስወገድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የተሻሩ መመሪያዎችና ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው የኮምፒዩተር መማሪያዎች ቦታ ይዘው የሚቀመጡት ማስወገዱ ከማስቀመጡ የበለጠ ደብዳቤ ስለሚጠይቅ ነው።

ከዚሁ ያልተናነሰ ችግር የሚያስከትለው ያለምርጫ የሚመጣ የመጻሕፍት ስጦታ ነው። በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖችና ከበጎ አድራጊዎች የሚላኩ መጻሕፍት በቅን ልቡና የሚመጡ ናቸው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሚበዛበት ወረዳ የውጭ አገር የግብር ሕግ ማብራሪያ በካርቶን ሲደርስ፣ ለማጓጓዣና ለጉምሩክ የዋለው ገንዘብ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የታተሙ መጻሕፍትን ለመግዛት ሊውል ይችል እንደነበር ግልጽ ነው። ለመለገስ የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው ከተቀባዩ ቤተ መጻሕፍት የፍላጎት ዝርዝር ቢጠይቁ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። በዚህ ረገድ የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ በአማርኛ የተጻፉ የሕፃናት መጻሕፍት እጥረት መኖሩን አስተዋሉ፤ ራሳቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሕፃናት መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የጀመሩት ድርጅት በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ሕፃናት ያደርስ ነበር።

በኬንያም ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በጋሪሳ አካባቢ መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ወደ አርብቶ አደር መንደሮች መላክ ጀምሯል። የግመሉ ነገር ለጎብኚ ፎቶግራፍ የሚመች በመሆኑ ብዙ ተጽፎበታል፤ ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። መኪና የማይደርስበት መንደር ውስጥ ያለ አንባቢ አገልግሎቱ ወደ እርሱ መሄድ እንዳለበት መሥሪያ ቤቱ ተቀብሏል። ግመሉም የሚመለስበት ቀን የታወቀ ስለነበር ልጆች የተዋሱትን ይዘው ይጠብቁታል።

ማን ይገባል? መቼ?

የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ በጋራ የሚያወጡት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ሲሆን፣ በ1972፣ በ1994 እና በ2022 ተሻሽሏል። መግለጫው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በመርሕ ደረጃ ያለክፍያ፣ በዕድሜ፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋና በኑሮ ደረጃ ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም ሊሰጥ እንደሚገባ ያስቀምጣል። መግለጫ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሆኖም አገልግሎት ፈላጊው የሚያነሣው ጥያቄ ከልመና የሚቆጠር አለመሆኑን ያሳያል።

በተግባር ግን በር ላይ የሚያጋጥሙ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንዱ መታወቂያ ነው። መጽሐፍ ለመዋስ ዋስትና መጠየቁ አግባብ ነው፤ በአዳራሹ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ግን ከሌላ ወረዳ የመጣን ወይም መታወቂያ ያላወጣን ልጅ መመለስ አገልግሎቱን በጣም ከሚያስፈልገው ሰው ላይ መዝጋት ነው። ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ጠዋት በ2፡30 ተከፍቶ በምሳ ሰዓት የሚዘጋ፣ ማታም በ11፡30 የሚቆለፍ ቤተ መጻሕፍት በቢሮ ሰዓት ለሚሠራ ሰው፣ ለቀን ሠራተኛውም ሆነ ለማታ ተማሪው እንደሌለ ይቆጠራል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን መክፈትና የምሳ ሰዓትን በፈረቃ መሸፈን አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

ሕንፃ ሲነሣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ለአገልግሎት የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚያው ከተማ ዳር ላለው ነዋሪ ግን በቅርቡ ያለው የወረዳ የንባብ ክፍል ክፍት መሆኑ የዕለት ተዕለት ፍላጎቱን የሚወስን ሆኖ ይቀጥላል።

ማየት ለተሳናቸውና ለሌሎች

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 በማራካሽ የጸደቀውንና ማየት ለተሳናቸው፣ ወይም በሌላ ጉዳት ምክንያት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች የወጣውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች። የስምምነቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ የቅጂ መብት ባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠብቁ መጻሕፍትን በብሬል፣ በድምፅ ወይም በኮምፒዩተር በሚነበብ መልክ ማዘጋጀትና ከአባል አገሮች ጋር መለዋወጥ ይፈቀዳል። ስለዚህ ማየት የተሳነው ተማሪ «ደራሲው አልፈቀደም» የሚል መልስ ሲሰጠው ስምምነቱን መጥቀስ ይችላል። የሚቀረው የዝግጅት አቅም ነው። በፎቶ መልክ ብቻ የተቀረጸ ገጽ በማያ አንባቢ ሶፍትዌር ሊነበብ አይችልም። የአማርኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶችም ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ። መሥሪያ ቤቶች ቅጾቻቸውንና መመሪያዎቻቸውን በዩኒኮድ ተጽፎ በሚፈለግ መልክ ቢያወጡ የሚጠቀመው ማየት የተሳነው ብቻ አይሆንም።

ለሌሎች አንባቢዎች የቅጂ መብት ገደቡ እንደተጠበቀ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ለግል ጥቅም ከመጽሐፍ ጥቂት ገጾችን ማባዛት የተለመደና የሚቻል ሲሆን፣ ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ክፍል ፎቶ ኮፒ ማድረግ ግን አይፈቀድም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሕጎችና የመንግሥት ውሳኔዎች ከዚህ ገደብ ውጭ ስለሆኑ ነጋሪት ጋዜጣን በሙሉ መገልበጥ ይቻላል።

በጤና ጣቢያ፣ በእርሻ ምርምር ማዕከልና በኮሌጅ የሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በተባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር በኩል በክፍያ የሚነበቡ የሳይንስ መጽሔቶችን በነፃ ማግኘት ይችላሉ። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በጤና መጽሔቶች ተጀምሮ ወደ እርሻ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ቴክኖሎጂና ሕግ ሰፍቷል፤ ኢትዮጵያም ክፍያ ከማይጠየቅባቸው አገሮች ተርታ ናት። የሚመዘገበው ግን ተቋሙ እንጂ ግለሰቡ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው የይለፍ ቃሉን ከመሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወይም ከስልጠና ክፍሉ መጠየቅ፣ ተቋሙ ካልተመዘገበም እንዲመዘገብ ማሳሰብ ይኖርበታል።

መረጃው በመሥሪያ ቤቱ እጅ ሲሆን

የሚፈለገው መረጃ ያልታተመና ወደ ቤተ መዛግብትም ያልተላለፈ ከሆነ የሚያገለግለው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በኋላ በወጣ ሕግ የተተካ ቢሆንም፣ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ጸንቶ ይሠራል። በዚህ መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን፣ በጽሑፍ ወይም በቃል ሊሆን ይችላል። መጻፍ የማይችል ሰው በመሆኑ ብቻ ሊመለስ አይገባም።

ጥያቄው ግልጽ ሲሆን መልሱ ይፈጥናል። «ስለ ቦታዬ ያለውን ሁሉ ስጡኝ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ዓመት፣ በዚህ ቀበሌ የተካሄደውን የካሣ ግምት ቃለ ጉባኤ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ኃላፊው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት፤ በቂ ምክንያት ሲኖርም ይህ ጊዜ ሊራዘም ይችላል። የሦስተኛ ወገን የግል ሕይወትን፣ የአገር ደኅንነትን ወይም በመካሄድ ላይ ያለ የወንጀል ምርመራን የሚመለከት መረጃ ሊከለከል ይችላል። የከለከለው አካል ግን ምክንያቱን መግለጽ ይኖርበታል፤ «አይቻልም» ብቻ መልስ አይሆንም።

በመልሱ ያልረካ ወይም ጊዜው አልፎ መልስ ያላገኘ ሰው አቤቱታውን በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያቀርባል። አቤቱታ የሚሰማው አካል አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄው መቼ ቀረበ የሚለውን ነው። ስለሆነም ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ አንዱ ገቢ ሲደረግ በሌላው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር እንዲሰፍርበት መጠየቅ ያስፈልጋል። በቃል የቀረበ ከሆነም የተቀበለው ሠራተኛ በጽሑፍ ካሰፈረው ላይ ቅጂ መውሰድ ይገባል። የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።